የዌሪኮም ጥቁር አፈር

መጀመሪያ ያየሁት ጥፍሮቿን ነው።

የአባቴ ቤት ዝናብ በሚመታው በኩል ያለው ግድግዳ ረግፎ ነበርና አልዲት ልትመርግልን መጣች። እጆቿ እስከ ክርኗ ድረስ ቀይ ነበሩ። እሱ ማንንም አያስገርምም። መንደራችን ዌሪኮም ውስጥ ያልቀላ ነገር የለም፤ መንገዱ ቀይ ነው፣ የበጎቹ ሆድ ቀይ ነው፣ ዝናብ ሲጥል ወንዙ ራሱ በሬ የታረደበት ይመስላል። ጭቃ አቡክቶ የሚመርግ ሰው እጅማ ከሁሉም ይብሳል። ግን አልዲት ጭቃውን ከጭዱ ጋር ጨምቃ በመዳፏ ስትለጥፍ ጣቶቿ ወደ ፀሐይ ዞሩ፤ ከጥፍሮቿ ሥር ያለው አፈር ጥቁር ነበር። ወዝ ያለው፣ የከሰል ዓይነት ጥቁር።

በእኛ ምድር ጥቁር አፈር የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ መቃብሩ ላይ። ስንት ትውልድ ሰው ገብቶበት ቀዩን አፈር አጥቁሮታል።

«እትዬ አልዲት፣ ደግሞ ምን ስትቆፍሪ ከረምሽ?» አልኳት።

ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። «ኦክስፎርድ ድረስ ተልከህ የተማርከው የሴት ጥፍር ማየት ነው?»

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ። «እሱማ ሌላም ተምሯል። አሁን ባቄላ የሚበላው በላቲን አመስግኖ ነው።»

«ታዲያ ባቄላው ይበረክታል?»

«ኧረ እሱስ ያው ነው።»

እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ በዚያው አለፈ። አልዲት እንዲህ ነበረች። ባሏ የሣር ክዳን ሲከድን ከጣሪያ ወድቆ ሲሞትባት፣ ሰው ሁሉ «አሁን ምን ልትሆን ነው» እያለ ሲያዝንላት፣ እሷ እጅጌዋን ሰብስባ ባሏ ይከድናቸው የነበሩትን ቤቶች ግድግዳ መምረግ ጀመረች። ኃይለኛ ናት ይሏታል። አንድ ጊዜ ባለወፍጮው ቀኑን ሙሉ አሠርቷት ምሳ ስለከለከላት፣ መስኮቱን ከግድግዳው ጋር አንድ አድርጋ መርጋበት ሄደች ይባላል። ሰውየው ማታ ቤቱ ገብቶ «ፀሐይዋ የት ሄደች?» እያለ ሲዳብስ ተገኘ።

እኔ ከኦክስፎርድ የተመለስኩት ግድግዳችን በተመረገበት በዚያው መኸር ነው። እዚያ አንድ ተማሪ ሴት ገድሎ ጠፋ፤ የከተማው ሰዎች እሱን ሲያጡት አብረውት በአንድ ቤት ይኖሩ የነበሩ ተማሪዎችን በንጉሡ ፈቃድ ሰቀሏቸው። መምህራኑ ትምህርቱን ትተው ተበተኑ፤ እኔም ጓዜን ጠቅልዬ በእግሬ አገሬ ገባሁ። ገመዱ ላይ የሚዞረውን የጓደኛዬን ጫማ ካየሁ ወዲህ ከእንግዲህ የሚያስደነግጠኝ ነገር የለም ብዬ ነበር።

ተሳስቻለሁ። የራሴ መንደር አስደነገጠችኝ።

ግዝቱ ከወደቀብን ሁለተኛው መኸር ነበር። ንጉሡና የሮሙ ጳጳስ በካንተርበሪ መንበር ላይ ማን ይቀመጥ በሚል ተጣሉ፤ ጳጳሱም እንግሊዝን ከዳር እስከ ዳር ገዘቱ። ንጉሡ ዌሪኮምን አያውቃትም። ጳጳሱም አያውቋትም። እኛም ሁለቱን በዓይናችን አላየናቸውም። የደወላችን ገመድ ግን ተጠቅልሎ ላይ ታሰረ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ተቆለፈ፤ በግቢው መግቢያ ላይ እሾህ ተጋደመበት። ሕፃን ይጠመቃል፣ የሚያጣጥር ሰው ይናዘዛል፤ ከዚያ በላይ የለም። ቅዳሴ የለም፣ ፍታት የለም። የሞተ ሰው ወደ ግቢው አይገባም። ስሄድ የተውኩት መንደር ደወሉ ሲመታ ከእንቅልፉ የሚነሣ፣ ደወሉ ሲመታ ከእርሻ የሚመለስ ነበር። አሁን ሰዎቹ ጠዋት ጠዋት በየደጃፋቸው ቆመው አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ይተያያሉ።

የአልዲት ልጅ ሰቢና የሞተችው ግዝቱ በታወጀበት በዚያው ፋሲካ ሰሞን ነው። ትኩሳት ያዛትና ሳትከርም ሞተች። እኔ ያኔ አልነበርኩም። ሰቢናን ግን አውቃታለሁ፤ በልጅነታችን ከአንድ የፖም ዛፍ አብረን ወድቀን እሷ ሳቀች፣ እኔ አለቀስኩ። የቀበራት መቃብር ቆፋሪው ሰርሎ ነው። ለወሬ የማይሰስት ሰው፣ ይህን ሲነግረኝ ግን ጠላውን አስቀምጦ ነው።

«እዛ ወፍጮው መንገድ ዳር፣ ጉድባው ውስጥ» አለኝ። «የሞተ ከብት እንደሚጣለው። በዕድሜዬ ስንት ሰው አስገባሁ፣ እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም፤ ያን ቀን አካፋው አልያዝ አለኝ። ቄሳችን አባ ድሮጎ ማዶ ቆመው አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። እንዳይሰማባቸው ነው። እሷ ደግሞ ምን ትለኛለች መሰለህ? ‹ሰርሎ፣ እስኪ አፈሩን አሽትተው፣ የምን ይሸታል?›»

«ምን አልካት ጋሼ ሰርሎ?»

«‹የላም› አልኳት። ምን ልበል? የላም ነው የሚሸተው!»

ግድግዳችን ከተመረገ በኋላ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ዱቄት ላመጣ ወደ ወፍጮው ስወርድ አልዲትን ከፊቴ አየኋት። የጭቃ ቅርጫቷን በጀርባዋ አዝላለች። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ነው፤ አፈር መሸከም ሥራዋ የሆነ ሴት አፈር ተሸክማ ብታልፍ ማን ዞር ብሎ ያያል? ልጠራት ስል ከመንገዱ ወጥታ ወደ ጉድባው ወረደች። ቅርጫቱን አጋድማ ገለበጠችው።

ቀርቤ አየሁ። በቀዩ ጉድባ ውስጥ አንድ አልጋ የሚያህል ጥቁር መደብ ተኝቷል። ጠርዙ በእጅ ተደልድሏል፤ ግድግዳ እንደሚለሰነው ተለስኗል። 

«እትዬ አልዲት!»

«ምን ትጮሃለህ? እዚያ የምትግጠውን ላም አስደነገጥካት።»

«ይሄ እኮ... ይሄ የመቃብሩ አፈር ነው!»

«ታዲያ የማን ሊሆን ነበር? የንጉሡ?»

«ከቤተ ክርስቲያን ግቢ አውጥተሽ?»

«ልጄን ወደዚያ መውሰድ ከለከሉኝ» አለች ቅርጫቷን እያራገፈች። «አፈሩን ወደዚህ አታምጪ ያለኝ ሰው ግን የለም።»

ዱቄት የምይዝበትን ከረጢት እንደ ጨበጥኩ ጉድባው አፋፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ልብ ሊታሰብ ይችላል ብዬ አላውቅም ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በጓሮ በኩል ካቡ ፈርሷል፤ የእናቷ መቃብር ያለው እዚያው ፍርስራሹ ሥር ነው። እጇን ሰድዳ ከእናቷ በኩል እየዛቀች፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በመንደሩ መሃል፣ ሰላምታ እየሰጠች ስታልፍ ኖራለች።

እሷም አጠገቤ ተቀመጠች። እጇን በሣሩ ጠረገች።

«አንተ ተምረሃል። አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ሰው መልስልኝ። ጳጳስ መቃብር ሲባርክ ቡራኬው የሚያድረው አጥሩ ላይ ነው፣ አፈሩ ላይ?»

«አፈሩ ላይ ይመስለኛል።»

«አይምሰልህ። ነው ወይ?»

ከረጢቱን ጉልበቴ ላይ አጣጠፍኩ።

«ቅርጫት ውስጥ ስከተው አብሮ ይመጣል? ወይስ ከምድጃ እንደ ወጣ ዳቦ መንገድ ላይ ይበርዳል?»

መልአክ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊሆን ይችል እንደሆነ ሁለት ቀን ሲከራከሩ የዋሉ መምህራን ፊት ተቀምጫለሁ። ይህን የጠየቀ ግን አንድም አልነበረም።

«አላውቅም እትዬ አልዲት።»

ራሷን ነቀነቀች፤ የተቆጣች አትመስልም። «የኔ ጭንቀት ምን መሰለህ? የመጨረሻው ቀን ሙታን ሲጠሩ ግቢ ውስጥ ያሉት አንድ ላይ ይነሣሉ። እሷን ማን ይፈልጋታል? ከላም እግር ሥር ሰው አለ ብሎ ማን ያስባል? ባልተባረከ መሬት ብቻዋን ናት። ጨለማ ትፈራ ነበር።» ተነሥታ ቅርጫቷን አነሣች። «ስለዚህ ብዙ አደርገዋለሁ። የበረደም ቢሆን፣ ሲከመር ትንሽ ሙቀት ይይዝ ይሆናል።»

ለማንም አልተናገርኩም። መናገርም አላስፈለገም። ብርዱ ሲገባ ሽማግሌው ብሪክትሪክ ሞተ፤ ሚስቱ ጉንሂልድ መጥታ ሰርሎን «እዛ ከሰቢና አጠገብ አድርግልኝ» አለችው። ለምን እዚያ ሲላት «ነፋስ አይበዛበትም» አለች። የሞተ ሰው ነፋስ ምን ይሆናል ብሎ የጠየቃት የለም። ከዚያ የባለወፍጮው እናት፣ ከዚያ መንታ ወልዳ የሞተች ሴት። ሁሉም አንድ ምክንያት አለው፤ ቅርብ ነው፣ መሬቱ አያስቸግርም፣ ጥላ አለው። የአልዲት መደብ እየሰፋ ሄደ። ባለወፍጮው ራሱ፣ ያ መስኮቱን የተመረገበት ሰው፣ በደጁ ስታልፍ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ቅርጫቷ ላይ ያስቀምጥላት ጀመር። አንድም ቃል ሳይናገር።

የተናገረው ሰርሎ ነው። ዝናቡ የበረታ ጊዜ በጓሮ በኩል ያለው የግቢው አፈር ተናደና አጥንት ብቅ አለ። የጉድባውን ጥቁር አፈር አይቶ እንዳላየ ሲቆፍር የኖረው ሰርሎ አጥንቱን ሲያይ ግን ጩኸቱን አቀለጠው።

«አባ! አባ ይምጡ! ሌባ ገብቷል! ሙት የሚሰርቅ ሌባ!»

አባ ድሮጎ እየሮጡ መጡ። ደግ፣ ቀጭን ቄስ ናቸው፤ ከግዝቱ ወዲህ ሥራ ፈትተው እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸዋል። ጎተራቸውን የንጉሡ ወታደሮች አሽገውባቸው የሚበሉትም እኛ የምናካፍላቸውን ነበር። ሰርሎ አልዲትን ከነቅርጫቷ ካቡ ሥር አፋጥጧታል፤ እኔም ጩኸቱን ሰምቼ ደረስኩ።

«ይቺ ናት! ዓይኔ እያየ! እኔ የቀበርኩትን እሷ ታወጣለች! እኔ ምን ልሆን ነው እዚህ?»

«አጥንት አላወጣሁም፣ አትዋሽ» አለች አልዲት። «አፈር ነው ያወጣሁት። ያውም ከእናቴ በኩል ብቻ።»

«እናትሽስ ሰው አይደለችም? ብርድ አይነካትም?»

«እናቴን የማውቃት እኔ ነኝ ወይስ አንተ? ለልጅ ልጇ ብርድ ልብሷን ገፋ ነው የምታደርገው።»

አባ ድሮጎ የታየውን አጥንት አዩ፣ ቅርጫቱን አዩ፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ወፍጮው መንገድ አዩ። ከዳገቱ ላይ ጥቁሩ መደብ እንደ ተዘረጋ ካባ ይታያል። ፊታቸው አመድ መሰለ። ካቡ ላይ ተቀመጡ።

«አልዲት፣ በጳጳስ ፈንታ የሚፈርዱት ሊቀ ዲያቆኑ ቢሰሙ አንቺ ራስሽ ትገዘቻለሽ። ግዝቱ ለሁሉም ሲነሣ ለአንቺ አይነሣም። እዚህ ግቢ መቼም አትገቢም።»

«ልጄ ያለችበት እገባለሁ። ግን አባ፣ እርስዎ ቄስ ነዎት፤ ይንገሩኝ። ቡራኬው አብሮኝ ወርዷል ወይስ አልወረደም?»

አባ ድሮጎ ወደ ተቆለፈው በር አዩ። ይዋሻሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ለደግነት ሲሉ «አዎ ልጄ» ይላሉ ብዬ። አላሉም።

«አላውቅም። እንዲህ ያደረገ ሰው ሰምቼ አላውቅም» አሉና ተነሡ። «እኔ በሩን እንድዘጋ ነው የታዘዝኩት። አፈሩን እንድጠብቅ ያዘዘኝ የለም።»

«አባ! አጥንቱስ?» ሰርሎ አሁንም ይጮሃል።

«መልሰህ ሸፍነውና ዝም በል፣ ሰርሎ። ዝም በል።»

ግዝቱ የተነሣው በሰባተኛው በጋ ነው፤ ድርቆሽ እያጨድን። ጳጳሱና ንጉሡ ታረቁ አሉ። ምን ተባብለው እንደታረቁ አልነገሩንም። ብቻ ድንገት ከዳገቱ ላይ ደወሉ ጮኸ።

ማጭዶቹ ሁሉ ባሉበት ቆሙ። እኔ አማተብኩ። ከአጠገባችን የነበሩ ትንንሽ ልጆች ግን እሪ ብለው ወደ እናቶቻቸው ቀሚስ ሮጡ። ደወል ሰምተው አያውቁም። አንዷ «ሰማዩ ተሰበረ!» ብላ ድርቆሽ ክምር ውስጥ ገባች፤ ውሾቹ ጭራቸውን ሸጉጠው ያላዝናሉ። ክርስቲያን አገር ተወልደው፣ ክርስትና ተነሥተው፣ ደወል የሚያስፈራቸው ልጆች አሳደግን! እናቶቻቸው እየሳቁ ጀመሩና መጨረሻው ለቅሶ ሆነ።

ከለቅሶው ቀጥሎ ቁፋሮ መጣ። ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ ወደ ቦዩ፣ ወደ ማሳው ዳር፣ ወደ ፖም ዛፎቹ ሥር ሄደ፤ ሙቱን ወደ ግቢው ሊያስገባ። ሊቪት የምትባል ሴት፣ ሕፃኗን ከማዶ ፖሞቹ ሥር የቀበረች፣ አባ ድሮጎን ካባቸውን ይዛ «እሺ፣ ዛሬ ይገባል። እስከ ዛሬስ የት ነበረ? ከማን ጋር ነበረ?» ስትላቸው ሰማሁ። አባ ድሮጎ እጇን ያዙ።

አልዲት አልቆፈረችም። ጥቁሩ መደብ ዳር ተቀምጣ ትጠብቃለች። ምን እንደምትጠብቅ ያወቅሁት ሊቀ ዲያቆኑ ሲመጡ ነው።

ጳጳሱ ከሚቀመጡበት ከተማ ከኤክሰተር በበቅሎ መጡ፤ ግቢው ንጹሕ መሆኑን ሊያረጋግጡ። ወፍራም፣ ችኩል ሰው ናቸው፤ እንግሊዝኛ አይናገሩም፣ ፈረንሳይኛና ላቲን ብቻ። ስለዚህ እኔ እንዳስተረጉም ከጎናቸው ቆምኩ። ግቢውን ሲዞሩ በጓሮ በኩል ካቡ ሥር ሲደርሱ መሬቱ ከዳቸውና አንድ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ሰመጠ። ሰርሎና እኔ ብብታቸውን ይዘን አወጣናቸው። ነጩ ሱፍ ካልሲያቸው ጠቁሮ ወጣ።

«ይሄ ጉድጓድ ምንድነው?» ብለው ጮኹ፤ ተረጎምኩ።

ሰርሎ ዓይኑን እንኳ አላሸም። ያ አገር ይያዝልኝ ያለ ሰርሎ። «ፍልፈል ነው ጌታዬ። ዘንድሮ ፍልፈል በዝቷል።»

«እንዲህ የሚያህል?»

«የእኛ አገር ፍልፈል በሬ ነው የሚያህለው።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል። ያኔ ከኋላ ድምፅ መጣ።

«ፍልፈሏ እኔ ነኝ።»

አልዲት ሰዉን በክርኗ እየገፋች ወደ ፊት ወጣች። ጉንሂልድ ቀሚሷን ይዛ ወደ ኋላ ስትጎትታት፣ «ልቀቂኝ፣ ይሄን ቀን ነው የጠበቅሁት» አለቻት። ሁሉንም ተናገረች፤ ቅርጫቱን፣ የእናቷን መቃብር፣ ጉድባውን። እኔም አንድ በአንድ ተረጎምኩ። አባ ድሮጎ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን እርስ በርሱ ቆልፈዋል።

ሊቀ ዲያቆኑ ቀሉ፣ ከዚያ ጠቆሩ። ጉድባው ድረስ ወርደው አዩት። እዚያው ቆመው ፈረዱ፤ እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩት፦

«ይህች ሴት የተቀደሰ አፈር ሰርቃ ከብት እንዲረግጠው አድርጋለች። ሙታኑ ሁሉ ከዚህ ይነሡ። ከዚያ እሷ ራሷ በባዶ እግሯ፣ ፀጉሯን ገልጣ፣ በገዛ ቅርጫቷ የተቀደሰውን አፈር እስከ መጨረሻው ጭብጥ ወደ ቦታው ትመልስ። እስክትጨርስ ሥጋ ወደሙ አትቀበልም።»

ግዝት አልጠሩም። እፎይ ልል ስል አልዲት እጄን ያዘችው። 

«ድገምልኝ።»

ደገምኩላት።

«የተቀደሰ አፈር ነው ያሉት? እሳቸው ናቸው ያሉት ወይስ አንተ ጨመርክበት?»

«እሳቸው ናቸው።»

«ጠይቅልኝ። እዚህ ጉድባ ውስጥ እያለም? ያን ሁሉ ጊዜ?»

ጠየቅኋቸው። ሊቀ ዲያቆኑ ሞኝ እንደሚያይ ሰው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ሌባ ስለ ሰረቀው ቡራኬው ይጠፋል እንዴ? አንዴ የተባረከ አፈር የትም ቢጣል የተባረከ ነው! ባይሆንማ ለምን እቀጣት ነበር?»

 ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰውየው በቁጣ፣ ሳያስቡት፣ በሥልጣናቸው፣ እኔም አባ ድሮጎም ያልደፈርነውን መለሱ። ተረጎምኩላት። አልዲት አልጮኸችም፤ ባለችበት እንደ ጨርቅ ተጣጥፋ መሬት ላይ ተቀመጠችና መዳፏን በጥቁሩ አፈር ላይ ዘረጋች፣ የተኛ ሰው ግንባር እንደሚነካ።

ከኋላችን ጉንሂልድ ጮኸች። «የኔም ሰውዬ! ብሪክትሪክም!»

«ብሪክትሪክ እኮ ረጅም ነበር፣ እግሩ ወደ ቀዩ ወጥቷል» አለ ሰርሎ።

«ይውጣ! ራሱ ጥቁሩ ላይ ነው! እግሩን ድሮም አያጥበውም ነበር!»

ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀ። ሊቀ ዲያቆኑ ግራ ገብቷቸው «ምንድነው የሚያስቃቸው?» አሉኝ።

«ንስሐ ነው ጌታዬ» አልኳቸው። «እዚህ አገር እንዲህ ነው።»

አልዲት ተንበርክካ የጠቆረ ካልሲያቸውን ሳመች። ቅጣቱ ልቧን የሰበረው መስሏቸው ባረኳት።

ሁሉም ሰው ግን አልሳቀም። ሊቪት፣ ያቺ ሕፃኗን ከፖሞቹ ሥር የቀበረች፣ ጥቁሩን መደብ ትክ ብላ ስታየው ቆይታ ማንንም ሳትሰናበት ሄደች። አልዲት አየቻት። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ሲጠፋ እኔም አየሁ።

በማግሥቱ ሰቢናን አነሣናት። እኔና ሰርሎ ነን የያዝናት። ሌሎቹ ከየቦታው የወጡ አጥንቶች ሁሉ እንደ አገሩ ቀልተው ነበር፤ የሰቢና ግን ጠቁሮ ነበር፣ ግቢው ውስጥ ከአያቶቿ ጋር እንደ ኖረች ሁሉ። ደወሉ ተደወለላት። ፍታት ተፈታላት። አባ ድሮጎ በሙሉ ድምፃቸው አነበቡ፤ ድምፃቸው ያን ያህል ትልቅ መሆኑን ረስተን ነበር።

ከዚያ አልዲት ጫማዋን አውልቃ ሥራዋን ጀመረች። ሰዎች ቅርጫት ይዘው መጡ፤ ባለወፍጮው፣ ጉንሂልድ፣ ሰርሎ እንኳ። «ሂዱ ከዚህ» አለቻቸው። «ያልተፈረደበት አይሸከምም። የራሳችሁን ቅጣት ፈልጉ።» እኔም የአባቴን ቅርጫት ይዤ ነበር፤ ሌሎቹ ሲመለሱ ቀረሁ።

«እትዬ አልዲት፣ አሁን ደስ አላለሽም?»

ቅርጫቱን ሞልታ ቀና አለች። ሽበቷ ተበትኖ ላብ ያራሰው ግንባሯ ላይ ተለጥፏል።

«ለሰቢና ደስ ብሎኛል። ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ተኝቻለሁ።» ወደ ማዶ፣ ወደ ፖም ዛፎቹ አየች። «የሊቪትን ልጅ ግን እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? ከበራችን ማዶ እኮ ነው። አንድ እፍኝ ይበቃው ነበር።»

 ጎንበስ ብዬ ላሸክማት ስል እጄን ገፋችና ራሷ አዘለችው። ሸክሟን በጀርባዋ አስተካከለች፤ በባዶ እግሯ፣ ቀዩን መንገድ እየረገጠች፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገቱን ወጣች። ከቅርጫቷ ስንጥቅ ጥቁሩ አፈር ጥቂት በጥቂት እየረገፈ ከኋላዋ ይቀራል። አላየችውም፤ ወይም አይታ ተወችው። ዞር አላለችም።